የሐጂ መሕሙድ ሰደቃ

ሐጂ መሕሙድ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለው ቤታቸው፣ ከድንጋዩ ደረጃ ግርጌ በጀርባቸው ተዘርረው ሲገኙ ዓርብ ሊመሽ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ጭንቅላታቸው ወደ ግቢው፣ እግራቸው ወደ ቤቱ በር ነው። ያገኟቸው የአጥር ጎረቤታቸው እማማ ፀሐይነሽ ናቸው፤ ከለቅሶ ቤት ሲመለሱ የግቢው በር ገርበብ ብሎ አይተው ገቡ።

ኢንስፔክተር ሰርክአዲስ ስትደርስ ቀድሞ የመጣው ፖሊስ ሽማግሌው ሲወርዱ አዳልጧቸው መሆን አለበት አላት። እሷ ግን ደረጃውን ወጣች፣ ወረደች፣ ደግማ ወጣች። የሚወርድ ሰው ፊቱን ወደ ግቢው ያዞራል። ሐጂ ፊታቸው ወደ በሩ ነበር፤ በሩ ላይ ከቆመ ሰው ጋር እየተነጋገሩ ነው የወደቁት።

ቤቱ የብቸኛ ሰው ቤት ነው። መሐሉ የጎደጎደ አንድ ወንበር፣ አንድ ትራስ፣ አንድ ኩባያ። ሰርክአዲስ ወደ ደሴ ተዛውራ ከመጣች አራት ዓመቷ ነው፤ ከፒያሳ ጀርባ በተከራየችው ክፍል እራቷን ሬዲዮ ከፍታ ነው የምትበላው። እንዲህ ያለ ቤት አዲስ አልሆነባትም። ማድ ቤት ውስጥ ግን ታጥበው የተደፉ ሁለት ሳህኖች ነበሩ።

ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት ተቀምጧል። «ለዙበይዳ። እስካሁን ስሰጥሽ የነበረው ዘካ ከዛሬ ጀምሮ ተቋርጧል። ከእንግዲህ እንዳትመጪ» ይላል፤ ከሥሩ የሐጂ ስም፣ ፊርማና የዕለቱ ቀን አለበት። ከኮታቸው ኪስ ደግሞ የአንድ መነጽር ጠጋኝ ካርድ ወጣ።

እማማ ፀሐይነሽ ዙበይዳን ያውቋታል። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ ናት፤ በየወሩ አንድ ዓርብ መጥታ ከሐጂ ጋር ምሳ በልታ ትሄዳለች። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይኗን እየጠረገች ስትወጣ አይተዋታል። ከዚያ በኋላ እሳቸው ለቅሶ ስለሄዱ ማን እንደገባ አያውቁም።

በማግስቱ ሐጂ ከተቀበሩ በኋላ ሰርክአዲስ በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ወረደች። ዙበይዳን ከሦስት ሠራተኞች ጋር በተከራየችው ክፍል አገኘቻት። የክፍል ጓደኞቿ ፈረቃ ገብተዋል። ልጅቱ ሞቱን ሰምታለች፤ ቀብር ግን አልሄደችም፤ ምናቸው ነሽ ቢሏት የምትመልሰው አልነበራትም።

ሐጂ ያፈላለጓት ከሦስት ዓመት በፊት፣ እናቷ በሞተች ማግስት ነው። እናትሽን አውቃት ነበር ከማለት በቀር ሌላ አልነገሯትም። ሰርክአዲስ ስለሚሰጧት ነገር ስትጠይቃት ልጅቱ ከፍራሿ ሥር ባዶ ፖስታዎች አወጣች። ሁሉም ላይ በሐጂ እጅ አንድ ቃል ተጽፏል፤ «ሰደቃ»።

«ሰደቃ ደጅ ለቆመ ለማኝም ይሰጣል» አለች ዙበይዳ። «እኔ ሠርቼ የማድር ሰው ነኝ። ዘካ ቢሉት እንኳ አይከፋኝም ነበር፤ ዘካ ለሚገባው ሰው የተቆረጠ ድርሻ ነው። ሰደቃ ብለው ሲጽፉብኝ ግን እንደ መንገደኛ የቆጠሩኝ መሰለኝ።»

«ታዲያ ለምን ትሄጂ ነበር?»

«ለምሳው። አብሮኝ የሚበላ ሌላ ሰው የለኝም።»

ዓርብ ዕለት ሐጂ ፖስታ አልሰጧትም። ከእንግዲህ ሰደቃ የለም፣ ሰኞ መታወቂያሽን ይዘሽ ነይ፣ የምወስድሽ ቦታ አለ አሏት። ለአንድ የችግረኞች መዝገብ ሊያስረክቧት መስሏት እያለቀሰች ወጣች።

እሑድ ሰርክአዲስ የሐጂን የወንድም ልጅ ጣሀን ከለቅሶው ድንኳን ጥግ አስቀምጣ አነጋገረችው። ጣሀ የአጎቱን የጨርቅ ሱቅ ፒያሳ ላይ ሃያ ዓመት ሠርቶበታል። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ከሱቅ አልወጣሁም አላት። እሷም ጠረጴዛው ላይ የተገኘውን ወረቀት አሳይታው እንደ ዋዛ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝና ዘካና ሰደቃ አይለዩልኝም፣ ሁለቱም እርዳታ አይደሉም ወይ ስትል ጠየቀችው።

ጣሀ መድረሳ የተማረ ሰው ነው፤ በትዕግሥት አስረዳት። «ዘካ ግዴታ ነው፤ ለማን እንደሚሰጥም የታወቀ ነው። ለወላጅ፣ ለልጅ፣ ለሚስት አይሆንም፤ እነሱን ማኖር ድሮም ያንተ ዕዳ ነዋ። ሰደቃ ግን በፈቃድ የሚሰጥ ነው፤ ለባዕድም ለሥጋም ይሆናል።» «ስለዚህ ያቺ ልጅ ነገ ተነስታ ልጃቸው ነኝ ብትል ወረቀቱ ይመልስላታል» ሲል ጨመረ።

ሰርክአዲስ አመስግናው ተነሳች። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ዙበይዳን የሐጂ ልጅ ናት ያለ አንድም ሰው አልነበረም፤ ራሷ ዙበይዳም ጭምር።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ቦታ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ጣሀን፣ ዙበይዳንና እማማ ፀሐይነሽን በሐጂ ሳሎን ሰበሰበቻቸው። መሐሉ በጎደጎደው የሐጂ ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም።

«በወረቀቱ እንጀምር» አለች ሰርክአዲስ። «የተጻፈው ዓርብ ነው። የሐጂ መነጽር ግን ከረቡዕ ጀምሮ ጠጋኙ ዘንድ ነው፤ ዛሬ ከእጁ ተቀበልኩት። ያለ መነጽር ፊደል አይለዩም ነበር።»

እማማ ፀሐይነሽ እውነት መሆኑን ራሳቸውን ነቅንቀው አረጋገጡ፤ ሐሙስ ለሐጂ የመጣውን የመብራት ቢል ያነበቡላቸው እሳቸው ነበሩ።

«ስለዚህ የእጅ ጽሑፋቸውን አሳምሮ የሚያውቅ ሌላ ሰው ጽፎታል። ዙበይዳ አልጻፈችውም፤ ራሷን የሚያስጠረጥር ወረቀት ጽፋ አትሄድም። እማማም አይደሉም፤ እሳቸውና እኔ ክርስቲያን ስለሆንን እርዳታ ብለን ነበር የምንጽፈው። ጸሐፊው ግን ሐጂ ሦስት ዓመት ሙሉ የጻፉትን ሰደቃ ትቶ ዘካ አለ። ለምን? ዘካ ለልጅ አይሰጥማ። ያ ቃል የገባው ይህች ልጅ የሐጂ ልጅ አይደለችም ብሎ እንዲመሰክር ነው።»

ዙበይዳ ቀና አለች። ሰርክአዲስ ወደ እሷ ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ሐጂ ባለፈው ሳምንት ሸሪዓ ፍርድ ቤት ማመልከቻ አስገብተዋል። ቀጠሮው ዛሬ ነበር። እናትሽን ኮምቦልቻ አግብተው አንቺ ሳትወለጂ ተፋቱ። እናትሽ መወለድሽን እስክትሞት ደብቃቸው ኖረች። ‹ልጄ መሆኗን ስነግራት ፊቷን እንዳታዞርብኝ ፈርቼ ሦስት ዓመት ዝም አልኩ› ይላል ማመልከቻው። ዘካ ብለው ያልጻፉልሽ ስለናቁሽ አይደለም። ለልጃቸው ዘካ ብለው መጻፍ አይችሉም ነበር።»

ልጅቱ አላለቀሰችም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወለሉን ታያለች።

«ማመልከቻው ላይ ምስክር ተብሎ የተጠቀሰው አንተ ነህ፣ ጣሀ» አለች ሰርክአዲስ። «ከአንተ በቀር የነገሩት ሰው የለም። ከሱቅ አልወጣሁም ብለኸኛል፤ መነጽር ጠጋኙ ግን የሱቅ ጎረቤትህ ነው። ዓርብ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ከአሥር ሰዓት ገደማ ጀምሮ፣ ሱቁ ዝግ ነበር አለኝ።»

 ጣሀ ሙግት አላነሳም።

«ምስክርነቱ ይቅርብኝ፣ እርስዎም ይተዉት ብዬ ልለምናቸው ነበር የመጣሁት። እዚያ ደረጃው ላይ፣ ልጄን አገኘሁ፣ ከእንግዲህ ብቻዬን አይደለሁም አሉኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ በየቀኑ አብሬያቸው ነበርኩ። እኔ ሰው አልነበርኩም?» አለና አንገቱን ደፋ። «ገፋኋቸው። እንደሚሞቱ አላሰብኩም። ወረቀቱን ግን አስቤ ነው የጻፍኩት።»

ደጅ ሲጠብቁ የነበሩ ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። እማማ ፀሐይነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተከትለው ወጡና ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ።  

«ፋብሪካችን አባት ለሞተበት ሦስት ቀን ይፈቅዳል» አለች ዙበይዳ ቀስ ብላ። «የሚያስረዳ ወረቀት ግን ይጠይቃሉ።»

ሰርክአዲስ ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለች። የልጅቱን ስም ጻፈች፤ ከአጠገቡም የአባቷን። ዙበይዳ ወረቀቱን ተቀብላ ስሟን ከነአባቷ ስም ድምፅ አውጥታ አነበበች፤ እንደገናም አነበበች፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች።