የነፋሱ ድንኳን

ሟቹ ጫማውን ከድንኳኑ በራፍ አውልቆ፣ ካልሲውን አጣጥፎ፣ በጎኑ ጋደም ብሎ ነበር። ጉንጩ ቀላ ስላለ ለማያውቀው ሰው ደህና እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል። ከራስጌው ትንሽ ቡታጋዝ፣ በቡታጋዙ ላይ ደግሞ ውሃው ተንኖ ያለቀ ጣሳ ተቀምጧል። ውጭ፣ ሌሊቱን ሙሉ የዘነበበት ሞተር ሳይክል ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሮ ቆሟል። ከሐይቁ ማዶ ኮረብቶቹ ጉም ለብሰዋል። እዚህ ቦታ ላይ ሞት ይመጣል ብሎ የሚጠረጥር አልነበረም።

ሰፈሩ «ነፋሱ» ይለዋል። ሥራው መሬት ቀያሽነት ነው። ዕረፍት ባገኘ ቁጥር ድንኳኑን ከሞተሩ ኋላ አስሮ ብቻውን ይፈተለካል፤ አቧራ ጠጥቶ፣ ፀሐይ አቃጥሎት፣ እየሳቀ ይመለሳል። በዚህኛው ጉዞው ግን በሰው መኪና ተጭኖ ተመለሰ።

መርማሪዋ ጉልበቷን የሚያማት፣ ነገር ቶሎ የሚሰለቻት፣ ምላሷ ለማንም የማይራራ ሴት ናት። የኮቷ መካከለኛ ቁልፍ በአንድ ክር ተንጠልጥሎ ከርሟል፤ ባልደረቦቿ የሰው ጉድፍ እንጂ የራሷ አይታያትም እያሉ ያሟታል። ወደ ሐይቁ የሚወስደው መንገድ በጥድ ጫካ መሃል ተጠምዝዞ ይወጣና ሸለቆውን ከነወንዙ ድንገት ከእግር ሥር ይዘረጋዋል። እዚያ ላይ መኪናዋን አቁማ ወረደች። ሰውየው ብቻውን መምጣት ለምን እንደሚወድ ገባት፤ ስለገባትም አዘነች።

ሐይቁ ዳር የሚተከሉትን ድንኳኖች የሚጠብቁት ሽማግሌ ዘበኛ ያዩትን ነገሯት። ነፋሱ የደረሰው አመሻሹ ላይ፣ ከዝናብ ጋር ነው። ቤቴ ግባ ቢሉት እንቢ ብሎ፣ እየሳቀ፣ በዳበሳ ድንኳኑን ተከለ። ጠዋት ጠርተውት ዝም ሲላቸው ጨርቁን በቢላ ቀደው ገቡ፤ ዚፑ ከውስጥ ተዘግቶ ነበርና።

«ገና ስገባ ሞቀኝ» አሉ። «ውጭ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ውስጡ ዳቦ ቤት ነው።»

«የጋዝ ሽታ ነበረው?»

«ምንም።»

«ጠዋት እንዲህ የሞቀ ድንኳን አጋጥሞዎት ያውቃል አባባ?»

ሽማግሌው አሰቡ። «አያውቅም። ድንኳን እኮ ከላይ ይተነፍሳል።»

የሐኪሙ ቃል አጭር ነበር። የገደለው አየር ያጣ እሳት የሚተፋው መርዝ ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም፣ ሰውን በእንቅልፉ ይወስደዋል።

በቀብሩ ማግሥት መካኒኩ በገዛ እግሩ ፖሊስ ጣቢያ መጣ። ወላጆቹ በልጅነቱ ሞተውበት የነፋሱ እናት ከልጃቸው ጋር ያሳደጉት የጎረቤት ልጅ ነው። ቡታጋዙን የጠገንኩት እኔ ነኝ፣ አበላሽቼው ነው፣ የገደልኩት እኔ ነኝ ብሎ እጁን ዘረጋ። የነፋሱ እጮኛ ፋርማሲስቷ ደግሞ በእሳቱ ላይ ጭድ ጨመረች። ያ ሞተር መካኒኩ ዓይን ውስጥ ከገባ ቆይቷል፣ ነፋሱም ካልተመለስኩ ያንተ ነው እያለ ይቀልድ ነበር አለች። ለመንገድ በፔርሙዝ ሻይ አፍልታ የሰጠችው ራሷ ስለሆነች የእሷም ሻይ ተመረመረ፤ ምንም አልተገኘበትም። የመርማሪዋ አለቃ ደስ አለው። ልጁ በአፉ አምኗል፣ አንቺ ምን ቤት ነሽ፣ የበሰለ ወጥ ላይ ውሃ አትጨምሪ አላት።

እሷ ግን ቡታጋዙን ጣቢያው ግቢ ውስጥ ለኮሰችው። ሰማያዊ ሆኖ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይንተፋተፍ ነደደ። መካኒኩን አስጠራችው።

«ቡታጋዙ ካንተ ይልቅ እውነተኛ ነው። ለምን ትዋሻለህ?»

«ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ጥፋትህን አልጠየቅኩህም። ያደረግከውን ነው።»

ከዘይት ያልጠሩ ጣቶቹን እያፍተለተለ «እባክዎ፣ እማዬ ጋ አይሂዱ» አለ።

ከዚህ በኋላ የት እንደምትሄድ መናገር አያስፈልግም።

እናትየው ልብስ ሰፊ ናቸው። የሚሠሩበት ክፍል ጠባብ ነው፤ የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር፣ መቁረጫው ጠረጴዛ መሃል ላይ፣ ቁርጥራጭ ጨርቁ በየቀለሙ በከረጢት ተሰቅሏል። እንባቸው አልቋል፤ እጃቸው ግን አርፎ መቀመጥ አልቻለም። መርማሪዋ ገና ስትቀመጥ ዓይናቸው ኮቷ ላይ አረፈ።

«ልጄ፣ ይሄ ቁልፍ መንገድ ላይ ይጥልሻል። ወዲህ በይ።»

እንቢ ማለት አልቻለችም። ኮቱን ሳያስወልቋት እየሰፉ፣ የምትጠይቃቸውን እየመለሱ፣ ክሩን ከቁልፉ ሥር ጠመጠሙት። የመጨረሻውን ቋጠሮ ወደ ውስጥ መልሰው በጨርቁ መሃል ቀበሩት፤ ጫፉ የት እንደገባ ዓይን አያገኘውም።

«ደረቱ ከልጅነቱም ደካማ ነበር» አሉ። «ባለፈው ሄዶ ሳል ይዞት መጣ። አሁንስ አልበረደውም አይደል? ሞቆት ነበር ብለውኛል ሽማግሌው። የሚያጽናናኝ እሱ ነው።»

መርማሪዋ ጣቢያ ተመልሳ ድንኳኑን ገለበጠችው። ከዝናብ ሽፋኑ በታች፣ ጣሪያው ላይ እጇን አሳለፈችና ቆም አደረገችው። ከዚያ ወደ ኮቷ ቁልፍ ተመለከተች። ሥራዋን ከጀመረች ወዲህ ነገር ስለተገለጠላት የተጸጸተችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ዝም ብትል መካኒኩ ወህኒ ይወርዳል። ብትናገር ደግሞ አንድ ልጅ የቀበረች እናት ላይ ሌላ መቃብር መቆፈሯ ነው። መሬት ላይ ተቀምጣ ብዙ አሰበች፤ ከሁለቱ የሚሻል ሦስተኛ መንገድ ግን አላገኘችም።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በእናትየው የስፌት ክፍል ሰበሰበቻቸው። ድንኳኑ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። ዘበኛው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ፋርማሲስቷ ግድግዳ ተደግፋ፣ መካኒኩ ከአንድ ፖሊስ ጋር በሩ አጠገብ ተቀመጡ። እናትየው ከመኪናቸው ኋላ፣ ሁልጊዜ ከሚቀመጡበት ቦታቸው አልተነሡም።

«ቡታጋዙ ጤነኛ ነው» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «የሚያፈስ ቢሆን ይሸት ነበር፤ አባባን ግን ምንም አልሸተታቸውም። ይሄ ልጅ የተናዘዘው ያላደረገውን ነው።»

«ታዲያ ማነው?» አለች ፋርማሲስቷ።

«ሻይሽ ንጹሕ ነው፣ አንቺ አይደለሽም። አባባም ድንኳኑን የከፈቱት እንጂ የዘጉት አይደሉም። ነፋሱ ዝናብ ባገኘው ቁጥር ዚፑን ዘግቶ ውስጥ ውሃ ያፈላል፤ ጥሩ ልማድ አይደለም፣ ግን ከላይ ባሉት መተንፈሻዎች ተማምኖ ነው። ሁልጊዜም በሰላም ይነሣል። ያን ቀን ምን ተለየ?»

ዘበኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጭስ መውጫ አያጣም ይባላል።»

«ያን ቀን አጣ። መተንፈሻዎቹ በውስጥ በኩል በጃንጥላ ጨርቅ ተደፍነዋል። ቀለሙ ከድንኳኑ ጋር አንድ ነው፤ አመሻሽ ላይ፣ በዝናብ፣ በዳበሳ ለሚተክል ሰው አይታይም። የደፈነው ሰው ደግሞ…»

መካኒኩ ተነሣ። «እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የሰፋሁት። ይብቃ በቃ።»

መርማሪዋ ከጠረጴዛው ላይ መርፌና ክር አንሥታ ሰጠችው። ጨካኝ ነገር መሆኑን ታውቃለች። ክሩን በምላሱ አረጠበ፣ አነጣጠረ፣ ሳተ፤ እንደገና ሳተ። መርፌው ከወፍራም ጣቶቹ መሃል ይንሸራተታል። ሲቸገር ማየት ያልቻሉት እናትየው ከመኪናቸው ኋላ ተነሥተው መጡ፤ ከልጅነቱ እንደለመዱት መርፌውን ከእጁ ወስደው፣ ሳያዩ፣ በአንድ ጊዜ አሾለኩት። ሌላው እጃቸው በዚያው ድንኳኑ ላይ አረፈ።

ጣታቸው ስፌቱን አገኘ። ከጠርዙ ጀምሮ ሄዶ ሄዶ፣ ቋጠሮው የተቀበረበት ላይ ቆመ።

መርማሪዋ ስለ ኮቷ ቁልፍ ልትናገር ያዘጋጀችው ነበራት። ተወችው።

«እንዳይበርደው እኮ ነው» አሉ እናትየው።

መካኒኩ እግራቸው ሥር ቁጭ አለ። «ስትሰፊው አይቼሻለሁ እማዬ። አትንገረው፣ ይቀደዋል አልሽኝ። እኔም ሳቅኩ። ሞተር እየፈታሁ የምውል ሰው፣ እሳት አየር እንደሚፈልግ የማውቅ ሰው፣ ዝም ብዬ ሳቅኩ። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?»

ፋርማሲስቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። መርማሪዋ ለፖሊሱ ልጁን ፍታው አለችው። ቀጥላም ይህ ወንጀል እንዳልሆነ፣ ማንም እንደማይከሰስ፣ መዝገቡ በድንገተኛ አደጋ እንደሚዘጋ ተናገረች። ሁሉም እውነት ነው፣ ለማንም ግን አልጠቀመም። የተፈታው ልጅ ከተቀመጠበት አልተነሣም፤ ዘበኛው ባርኔጣቸውን አገላበጡ።

እናትየው ወንበር ስበው ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጡ። ትንሿን መተርተሪያ አንሥተው የድንኳኑን ጣሪያ ወደ ብርሃኑ አቀረቡና ስፌቱን መፍታት ጀመሩ። ፖሊሱ ማስረጃ ነው ብሎ ሊነሣ ሲል መርማሪዋ እጁን ያዘችው። ፎቶውን አንሥታለች፤ ባታነሣም አትከለክላቸውም ነበር።

ክሩ አልበጠስ አለ። ሌላ ቦታ ሞከሩ፣ እዚያም ጠነከረባቸው። መተርተሪያውን አስቀምጠው በጥፍራቸው ያዙት።

«አጥብቄ ነው የሰፋሁት» አሉ ቀና ሳይሉ። «እንቢ አለኝ።»