በአሬራ የተለቀለቀው ቤት

የወርቁ ሬሳ ዓርብ ከቀትር በኋላ ከገዛ ደጁ፣ ከካቡ ሥር ተገኘ፤ የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈርክሷል። ቅዳሜ ጧት ፖሊሱ ሻምበል ባሻ መልአኩ ታች ጋይንት ሲደርሱ የሟች ሚስት ውባለም እጇ ታስሯል። አያቷ እመት አመተ ሥላሴ ሕፃን ልጇን ታቅፈው ከፊቷ ተገትረዋል። ደብረ ታቦር ወህኒ ከወረደች ይህ ልጅ በማን ጡት ያድራል?

«ገዳዩ እሷ ናት!» አለ የሟች ታላቅ ወንድም አያሌው። «ከአውድማዬ ሆኜ አይቻለሁ፤ እዚሁ ደጅ ላይ በዘነዘና መታችው።»

«ዓይንህ ይፍሰስ! ርስቱን ለብቻህ ልትበላ ነው!»

«አንቺ አሮጊት፣ አፍሽን ዝጊ!»

«ቤቱስ ገብተህ ነበር?» አሉ ባሻ።

«ደጃፉን ከረገጥኩ ዓመቴ። በጾም ቀን አሬራ የምትነካ እጅ ለባሏ ትራራለች? ‹የግድግዳውን አፈር በውኃ በጥብጪው፣ ይበቃዋል› ብዬ ረቡዕ ዕለት ከአጥር ማዶ ገሥጫታለሁ።»

ባሻ ወደ ቤት ገቡ። ግድግዳው ለልጁ ክርስትና በነጭ ተለቅልቋል። ከሥሩ ቅል ሙሉ አሬራና የተረፈ ነጭ አፈር አለ።

«ማን ለቀለቀው?»

«እሷና እኔ፤ ሐሙስ ጨረስን» አለች ጎረቤቷ አሰለፈች። «ነጭ አፈርና ጥቂት ኖራ፣ በአሬራ። አሬራው ነው የሚይዘው። በውኃ ብቻ ከሆነማ ሲደርቅ ልብስ ላይ ይራገፋል።»

«ከወርቁ ጋር ትስማሙ ነበር?»

«ድንበሬን የገፋ ሰው! ሞቱ አላስለቀሰኝም፤ ልዋሽ?»

«ዓርብ የት ዋልሽ?»

«ቤቴ። ማን እንዳየኝ አትጠይቁኝ፤ አገሩ ሁሉ ገበያ ነበር።»

ባሻ መዳፋቸውን በግድግዳው ላይ አሸት አሸት እያደረጉ ዞሩ። እጃቸው ንጹሕ ነው። ከበሩ ጀርባ ሲደርሱ ግን መዳፋቸው ዱቄት መሰለ። በሰንጢ ፋቅ አደረጉት፤ ከሥሩ የደረቀ ደም ወጣ።

ሁሉንም ወደ ውስጥ ጠሯቸው።

«ወርቁ የሞተው እዚህ ነው፤ ደጅ የወጣው ሬሳው ነው። ‹ደጅ ላይ ሲመታ አየሁ› ያለ ዋሽቷል።»

«ፀሐይ ዓይኔን መትታኝ ይሆናል» አለ አያሌው።

«ይሁን። ገዳዩ ደሙን ሸፍኗል፤ አፈሩን የበጠበጠው ግን በውኃ ነው። እነዚህ ሁለት ሴቶች ውኃ እንደማይዝ ያውቃሉ፤ አሬራውም እግራቸው ሥር ነበር። ውኃ ይበቃል ብሎ የሚያምን፣ በዓርብ አሬራ መንካት የሚፈራ አንድ ሰው ነው። በአፉ ነግሮኛል።»

«ጾም መጠበቅ ወንጀል ሆነ?»

«የለም። ወንድምህን ገደልክ እንጂ ጾምህን አልገደፍክም።»

አያሌው ወደ በሩ ተወረወረ፤ ሁለት ጎረምሶች ጣሉት። «የአባቴን ርስት ለዚህ ጨቅላ ሊያወርስ!» እያለ ጮኸ። ከውባለም እጅ የተፈታው ገመድ በእሱ ላይ ታሰረ። ሲወስዱት ዞሮ ሕፃኑን አየው፤ «እኔም ደሜን የሚመልሱ ልጆች አሉኝ!» አለ።

እመት አመተ ሥላሴ ደስታው አልቆየላቸውም። ሕፃኑን ለእናቱ አቀበሏት።

«አጥቢውና ተነሺ። ፀሐይ ሳትበረታ ወደ ወገኖቻችን፣ የወገዳን መንገድ እንያዝ፤ ክርስትናው እዚያ ይሁን።»

«እሜቴ፣ ርስቱስ?» አሉ ባሻ።

«መሬት እግር የለው፣ የትም አይሄድ። መጀመሪያ ልጁ ይደግ።»