የ«አባንደን» ካርድ

ሰኞ ጧት መምህር ወንድማገኝ ከሚሴ በሚገኘው ቤቱ ሞቶ ተገኘ። ጠረጴዛው ላይ ለማሽላ ተምች የሚረጭ መድኃኒት ባዶ ጠርሙስ፣ ደረቱ ላይ ደግሞ አንድ ካርድ ነበር። ካርዱ ላይ «አባንደን» የሚል የእንግሊዝኛ ግሥ ከነፍቺው ሰፍሯል፤ ጥሎ መሄድ፣ እርግፍ አድርጎ መተው።

ኮንስታብል ሳዳም ብዙ አልተጨነቀም። «ተሰናብቶ ነው የሞተው፤ ራሱን ነው ያጠፋው» አለና ገላገለን። ወሬው ከሬሳው ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ፤ ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለም ተባለ። ባለቤቱ አመልማል ከቅዳሜ ጀምሮ ጨፋ ሮቢት እህቷ ዘንድ ነበረች። ስትመለስ የጠበቃት ይህ ነው።

«ልጄ፣ ቄሶቹ እስከ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነው የሚጠብቁኝ» አለቻት ኢንስፔክተር ሰዒዳን። «ባሌን እንደ ውሻ ሊጥሉብኝ ነው።»

ሰዒዳ ወሬ የማትወድ መርማሪ ናት። ካርዱን እስከ ታች አነበበችው። «ከጥንት ፈረንሳይኛ የመጣ፤ መጀመሪያ ለሌላ ሰው ሥልጣን አሳልፎ መስጠት ማለት ነበር» ይላል። ቀጥሎ የቃሉ የቅርብ ዘመዶች አሉ፤ «ዴዘርት፦ ግዴታን ጥሎ መኮብለል። ፎርሴክ፦ የወደዱትን መክዳት።» ከሥሩ በሌላ እጅ ጽሑፍ ኦሮምኛው ተጨምሯል፤ ጥጃዋን ስለተወች ላም የሚል ምሳሌም አለው። ሊሞት የተነሣ ሰው የቃል ዘር ሲቆጥር ይቀመጣል? እኔ አላምንም፤ እሷም አላመነችም።

«መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጅ አሥራ አራት ዓመቱ ነው» አለች አመልማል። «እንዲህ ያለ ካርድ ሣጥን ሙሉ አለልሽ። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሰንበቴ ከተማ ገበያ ወርዶ ሰዉን ይጠይቃል። ኦሮምኛ ይሰማል እንጂ አይጽፍም፤ የሚጽፍለት ኸይረዲን ነው።»

ኸይረዲን የጨፋ ገበሬ ነው፤ ማሽላው አሁን እሸት ይዟል። «ወላሂ፣ ከጁምዓ ወዲህ አላየሁትም» አላት።

የካርዶቹን ጽሑፍ በኮምፒውተር የሚተይበው ጎረቤታቸው ፈቃደ ግን ዓይኑን ሰበረ። «የሽፋኑን ንድፍ ዓርብ ለኸይረዲን አሳይቼው ነበር» አለ። «የእሱን ስም አላስገባሁትም። አንድ ስም ይበቃል ብዬ እኔው ነኝ የተውኩት።»

ሰዒዳ ሰንበቴ ወርዳ ከብት ነጋዴውን ጀይሉን አገኘችው።

«እሁድ መጥቶ ነበር» አለ ጀይሉ። «ጥሎ መሄድን በኦሮምኛ እንዴት ትሉታላችሁ ቢለኝ፣ የዚያን ዕለት ጧት የወለደችውን ጥጃ አላስጠጋም ያለች ላም ነበረችኝና በእሷ ነገርኩት። ደስ ብሎት ሄደ።»

ማክሰኞ ጧት ሰዒዳ ሁሉንም ሟቹ ቤት ሰበሰበች።

«አቶ ኸይረዲን፣ ይህ የማን ጽሑፍ ነው?»

«የእኔ ነው። ሁሉም ካርድ ላይ አለ።»

«ለዚህ ነው ካርዱን መተዉ ያላስፈራዎት። ግን እዚህ የጻፉት ስለ ጀይሉ ላም ነው። ላሟ ጥጃዋን የገፋችው እሁድ ጧት ነው፤ መምህሩም የሰማው እሁድ ነው። ከዓርብ ወዲህ ካላዩት እንዴት ጻፉት? ከሰንበቴ ሲመለስ እዚሁ ነበሩ። አብራችሁ ሠራችሁ፣ ሻይ ጠጣችሁ። መድኃኒቱ የማሽላ ነው፤ ይህ ቤት አንድ ዘለላ ማሽላ የለውም። ሻዩ ውስጥ ጨመሩበት፤ ከዚያ ካርዱን ስንብት እንዲመስል ደረቱ ላይ አኖሩት።»

 «አሥራ አራት ዓመት» አለ ኸይረዲን። «እርሻዬን ትቼ እየመጣሁ። ስሜን ፍቆ ሻይ አብሮኝ ይጠጣል።»

ፈቃደ ከቦርሳው ወረቀት አወጣ። «መምህሩ ቅዳሜ አርሞ የመለሰልኝ ነው። አፍሬ ደበቅሁት» አለ። በሽፋኑ ላይ በመምህሩ ቀይ ቀለም «የኸይረዲን ስም ከእኔ ስም በፊት ይግባ» ተብሎ ተጽፏል።

«ጠይቀውት ነበር?» አለችው ሰዒዳ ኸይረዲንን።

«ምን ብዬ? ስሜን አስገባልኝ ይባላል? ይሉኝታ ያዘኝ።»

ሰው ለመግደል ይሉኝታ አልያዘውም። ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበው፤ ሳዳም ካቴና ሲያስገባለት እንኳ ቀና አላለም።

አመልማል ነጠላዋን አጥብቃ ተነሣች። «ልጄ፣ ወረቀት ጻፊልኝ። ተገድሎ ነው በይልኝ፤ ለቄሶቹ ላሳያቸው።»

ሰዒዳ ጽፋ ፈረመችበት። አመልማል ተቀብላ፣ ሳመችውና «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። ያለችው ሲገባት እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች።