በራጅ የታየው ድካም

«ይሰማ! ይሰማ! ራዚያ ሙሐመድሁሴን ለሦስተኛ ጊዜ ለልቅሶ ቤት ውሃ አልቀዳችም! ነገ ከዙሁር ሶላት በኋላ ቅሬው ይሰበሰባል!»

ጥሩምባ ነፊው ወልዴ ጦርነቱ ሐይቅ ከተማ መድረሱን ያወጀው በዚሁ ድምፅ ነበር፤ የጠፋ በግም የሚያውጀው በዚሁ ነው። የዐሥራ አራት ዓመቷ ኢንሳፍ ሮጣ መስኮቱን ዘጋች። ግን ዘግይታለች።

«ስሜንስ አሳምሮ ጠራው» አለች እናቷ ራዚያ፣ ከመደቡ ሳትነሣ።

ከስደት በተመለሱ ሰሞን ራዚያን ትኩሳት ጣላት። ትኩሳቱ በሳምንቱ ለቀቃት፤ አቅሟ ግን አልተመለሰም። ይኸው ስድስት ወሩ። አንድ ጀሪካን ውሃ ከተሸከመች ሦስት ቀን ትተኛለች፤ እንቅልፉም አያሳርፋትም። የጀመረችውን ወሬ መሀል ላይ ትረሳዋለች። ጤና ጣቢያ ደሟን መርምረው «ምንም የለብሽም» አሏት። ሰፈሩም ይህችኑ ይዞ «ሰነፍ» አላት።

ስለዚህ ቤተሰቡ መላ ፈጠረ። በር ሲንኳኳ ራዚያ ተነሥታ መጥረጊያ ትይዛለች፤ እንግዳው እስኪሄድ ቆማ ትጠርጋለች። በሐይቅ ከተማ ከዚያ በር ጀርባ የበለጠ የተጠረገ መሬት አልነበረም።

ቅሬ፣ ሌላ አገር ዕድር የሚሉት፣ በመጥረጊያ አይታለልም። ከቅሬ የወጣ ቤት ሰው ሲሞትበት የሚቀብርለት የለም። ኢንሳፍ ውሃውን በእናቷ ፈንታ ልቅዳ ብላ ነበር። «ደንቡ እማወራዋ ራሷ ነው የሚለው» ብለው መለሷት።

በማግስቱ ጠዋት የባዮሎጂ መምህሯ ዝናው ከስልካቸው አንብበው በእጃቸው የጻፉትን ወረቀት ሰጧት። ስለ እናቷ ከጠየቀቻቸው ሳምንት ሆኗል።

«ሥር የሰደደ የድካም ሕመም የሚባል አለ» አሏት። «የእናትሽ እሱ ይሁን አይሁን ሐኪም ነው የሚለየው። ተመራማሪዎች ግን የሕመምተኞችን አንጎል ኤም አር አይ በሚባል መሣሪያ አንሥተው ከጤነኞች ጋር አስተያይተዋል። በአንዳንዱ ጥናት የአንጎሉ ቅርፅ ላይ፣ መልእክት በሚያመላልሰው ነጩ ክፍል ላይ ለውጥ ታይቷል።»

«እና ስንፍና አይደለማ!»

«ስንፍናስ አይደለም። ቆይ፣ ገና ግማሹን ነው የነገርኩሽ። ጥናቶቹ ትናንሽ ናቸው፤ እርስ በርሳቸውም አይስማሙም። ደግሞ የብዙ ሰው ምስል ተነጻጽሮ ነው እንጂ፣ የአንድ ሰው ምስል ብቻ አይቶ ‹ይኸው ድካሟ› የሚል ሐኪም የለም።»

ኢንሳፍ የመጀመሪያውን ግማሽ ይዛ ወጣች።

ቤት ስትደርስ አባቷ ሐቢብ ዓሣ ሊያጠምድ ሐይቁ ላይ ነበር። ከፍራሹ ሥር የእሱን ራጅ አወጣች፤ አምና ከባጃጅ ወድቆ ደሴ የተነሣውን። ወደ ጎን ስታዞረው ክብ ነገር ይታያል። አንጎልም ክብ ነው።

ቅሬው ድንኳኑንና ድስቶቹን በሚያኖርበት ዕቃ ቤት ደጅ ተሰብስቦ ጠበቃት።

«የእማ አንጎል ነው» አለች። የራጁን ፊልም ዘረጋችላቸው። «ለውጡ ይታያል።»

የቅሬው ዳኛ አያ ኸሚስ ፊልሙን ወደ ፀሐይ አነሡት። ብዙ ቆዩ። «ሱብሃነላህ! ይታያል እኮ!»

ወልዴ ከትከሻቸው በላይ አንገቱን አሰገገ። «ይቺ ምስማር የመሰለችው ናት?»

«እሷ ናት ድካሙ» አሉ አያ ኸሚስ፣ ዕድሜ ልካቸውን አንጎል ሲያገላብጡ የኖሩ ይመስል።

ፊልሙ ከእጅ እጅ ዞረ። ያልታየው ሰው አልነበረም። ራዚያን ሰነፍ ሲላት የከረመው ሁሉ «እኔስ ድሮም ጠርጥሬ ነበር» አለ።

በመጨረሻ እትዬ አሰገደች እጅ ገባ። እትዬ አሰገደች የልቅሶ ቤት ወጥ አለቃ ናቸው። ቁጭ ሲሉ ያያቸው ሰው የለም፤ የተቀመጠች ሴት ካዩ «ወገብሽን ማን ሰበረው?» ይላሉ። አሁንም እንደቆሙ ፊልሙን አዩ፤ ከዚያ ወደ ኢንሳፍ ጆሮ ጎንበስ አሉ።

«የኔ ልጅ፣ የት ነው የተነሣችው?»

«ለምን?»

«እኔም ልነሣ። ለሰው እንዳትነግሪ። ከስደት ከመጣን ወዲህ ቆሜ የምውለው ከተቀመጥኩ መነሣት ስለሚያቅተኝ ነው። ጥጃዬን ሸጬም ቢሆን እሄዳለሁ። የኔም ይታይ ይሆን?»

«በል ወልዴ» አሉ አያ ኸሚስ ከወዲያ፣ «ራዚያ ጥፋት የለባትም ብለህ ልፈፍ።»

ወልዴ ጥሩምባውን ወደ አፉ አስጠጋ። ኢንሳፍ ማድረግ ያለባት ዝም ማለት ብቻ ነበር። ወደ እትዬ አሰገደች አየች።

«የአባቴ ጉልበት ነው» አለች።

ጥሩምባው ከአፉ ወረደ። «ምኑ?»

«ፊልሙ። ምስማሯን ሐኪም ነው ያስገባለት። የእማን አንጎል ያነሣው የለም። ቢነሣም የአንድ ሰው ድካም እንዲህ አይታይም። መምህሬ ይህንንም በወረቀት ጽፈው ሰጥተውኝ ነበር፤ እኔ ግማሹን ብቻ ነው የነገርኳችሁ። እማ ግን ወላሂ ታማለች። በር ስታንኳኩ ነው ተነሥታ መጥረጊያ የምትይዘው።»

አያ ኸሚስ ፊልሙን ተቀብለው እንደገና ወደ ፀሐይ አነሡት።

«ጉልበት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እኔም አንጎል መታጠፊያ አለው ወይ ብዬ ነበር።»

ማንም አልሳቀም። ሁሉም አይቷላ።

እትዬ አሰገደች የቅሬውን ትልቅ ድስት በእግራቸው ገለበጡት። ከዚያም በሰው ሁሉ ፊት ተቀመጡበት።

«ያንን ወረቀት አምጪው» አሉ፣ ጫማቸውን እያወለቁ። «ሁለቱንም ግማሽ አንብቢልን። አብሽሪ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢ። እኔ እንደሆንኩ ለመነሣት ሁለት ሰው ያስፈልገኛል።»

አያ ኸሚስ የደንቡን ደብተር ዘጉ። ኢንሳፍ ወረቀቱን ዘረጋች። አፏን ስትከፍት፣ ከኋላ ግድግዳው ጥግ፣ ሌላ ሴት ድስት ገልብጣ ተቀመጠች።