እህት ባለችበት ከተማ

ባጃጁ ሳይቆም ሙንታሲር ዘሎ ገባ።

«ንዳው!» አለ ወሰን ሹፌሩን።

የአሶሳ ገበያ ቀን ነበር። ማንጎ መንገዱን ዘግቶ ተከምሯል፣ ሻጩም ገዢውም እዚያው ማንጎው ላይ ይጯጯሃል። ባጃጁ በመሀላቸው እየተሽሎከለከ ወጣ። አንዲት ነጭ ፒካፕ ከመናኸሪያው በር ተነስታ ተከተለቻቸው። ወሰን በጎን መስታወት አያት። ጠዋትም ሰፈሩ ቆማ አይቷታል።

ሹፌሩ ምንም ሳይባል ወደ ውስጥ መንገድ ታጠፈና የሰርግ ድንኳን ጥግ ታክኮ አለፈ። በዚያ ባጃጅ ያልፋል፤ ፒካፕ አያልፍም። ፒካፗ ገመዱን በጥሳ፣ የድንኳኑን ግማሽ ለብሳ ቆመች። ሰርገኛው ወጥቶ ከበባት። ሰርግ ያበላሸ ሰው ደግሞ ወግ አድርሰው ነው የሚለቁት፣ ቶሎ አይለቁትም።

«ማን ነው እነሱ?» አለ ሙንታሲር፣ ላቡን በጀለቢያው እጅጌ እየጠረገ።

«ሀይደርን የገደሉት።»

ሙንታሲር ዞሮ የኋላውን መንገድ አየ።

የወሰን ስም ወሰን አይደለም። እኛ ግን ወሰን እንበለው፤ አሶሳ የምታውቀው በዚህ ነው። ከቆፋሪዎች ወርቅ የሚገዛ፣ ዋጋ የማይከራከር፣ ሳቅ የማይቸግረው ነጋዴ። ባሰማራው የደኅንነት መሥሪያ ቤት ዘንድ መጠሪያው «ቀርከሃ» ነው። ሙንታሲር ደግሞ «እንግዳው» ይባላል። በድንበሯ ከተማ በኩርሙክ በኩል ወርቅ ወደ ሱዳን ለሚያሻግሩት ሰዎች ዓመታት ሠርቶ፣ የአጎቱ ልጅ ሀይደር ሲሞት በቃኝ ያለ ሰው ነው። ሀይደር ያወቀውን ሊመሰክር አዲስ አበባ ሄዶ፣ ባረፈበት ሆቴል አልጋ ላይ ታንቆ ተገኘ። አሁን ምስክርነቱ ለሙንታሲር ተረፈ። የሚያድርበትን ሆቴል የመምረጥ ሥራ ደግሞ ለወሰን።

ስልኩ ጮኸ። «አጎት» ነው።

«እንግዳውስ?»

«አብሮኝ ነው፣ ጋሼ።»

«የት ታሳርፈዋለህ?»

«ወይን አምባ ሆቴል። ሦስተኛ ፎቅ። በራሱ ስም አስይዣለሁ።»

«ጎበዝ ልጄ» አለው።

ወሰን ስልኩን ዘጋ። ዋሽቶታል። አፉ መረረው።

አጎት የሚሉት አሻግሬ ነው፤ አለቃው። ሥራውን ያስተማረው እሱ ነው፣ ሆቴል መምረጥን ሳይቀር። «ሆቴል እንደ አማት ቤት ነው» ይለው ነበር፤ «ሳሎኑን አትይ፣ ጓሮውን እይ። ሁለት መውጫ ይኑረው። ምድር ቤት አትተኛ፣ በመስኮት ይመጡብሃል። ጣሪያ ሥር አትተኛ፣ መውረጃ ታጣለህ። እንግዳ ተቀባዩ ብዙ ከሳቀልህ ሻንጣህን አንሳ።» ወሰን አባቱን ገና በሕፃንነቱ ነው ያጣው። የአባት ምክር የሚባለውን የሰማው ከዚህ ሰው አፍ ነው።

ሀይደር ያረፈበትን ሆቴል የሚያውቁት ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ወሰንና አሻግሬ።

እንግዲህ ይህን ይዞ የሚተኛ ሰው ካለ ይተኛ። ወሰን አልተኛም። ቁርጥ ሲሆንበት፣ የራሱን መሥሪያ ቤት ሰዎች ለምትመረምረው ለስርጉት ነገራትና ወጥመዱን አብረው አጠመዱ። ለእንግዳው ጦር ኃይሎች አካባቢ «ሦስት ጥድ» የሚባል ትንሽ ፔንሲዮን ተመረጠ። ሁለት በር አለው፣ አዛን ይሰማበታል፣ ባለቤቷም ወሬ አይወጣትም። መገናኛ ያለው ወይን አምባ ግን አንድ በር ብቻ ነው ያለው፤ ፊት ለፊቱ ጭማቂ ቤት አለ። ለማደሪያ አይሆንም። ለወጥመድ ይሆናል።

የአሶሳ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ አንዲት ሴት ቆማ ትጠብቃቸው ነበር። የሙንታሲር ሚስት፣ ሳና።

የወሰን ደም ፈላ። «ማን ነገራት?»

«እኔ» አለ ሙንታሲር። «ሚስት ነው። ሳልሰናበት እሄዳለሁ?»

ሳና ባሏን ትከሻውን ዳብሳ፣ ወደ ወሰን ዞረች። «የት ነው የሚያድር?»

«እህት አለ አዲስ አበባ» አለ ሙንታሲር ቀደም ብሎ። «ኸድራ። አየር ጤና። እሷ ጋ ላድር።»

«አይሆንም። ማንንም አታገኝም። ስልክህንም አምጣ።»

ሙንታሲር ስልኩን ሰጠ። ሳና ግን ከበሩ አልተነሳችም። «ስሙን ንገረኝ። ሰው ባልሽ የት ገባ ቢለኝ ምን እላለሁ? ጠፋ እላለሁ?»

ከኋላ ሰው እየተሰበሰበ ነው። አንድ ፖሊስ ማየት ጀምሯል። ወሰን ቸኮለ። አንድ ውሸት ለሁሉም ይበቃል፣ ሁለት ውሸት ይጠላለፋል፤ ይህንንም ያስተማረው አጎት ነው።

«ወይን አምባ ሆቴል» አላት።

ሳና ስሙን እንዳይጠፋት ደጋግማ አለችው።

አዲስ አበባ ሲደርሱ ዝናብ አባርቷል። ወሰን እንግዳውን በሦስት ጥድ የጓሮ በር አስገባው። ሙንታሲር አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ክፍሉን ዙሪያውን አየ።

«ኸድራ ከሰማች ትቀየማለች፣ ያ አኺ፣ ወንድሜ። እህት ከተማው አለ፣ ወንድም ሆቴል ያድራል! ዓይብ ነው፣ ወላሂ። ነውር ነው።»

«ነገ ይቅርታ ትጠይቃታለህ» አለው ወሰን፣ በሩን እየቆለፈ።

ወሰን የቡለን ልጅ ነው፤ ከዓባይ ወዲያ ማዶ። እዚያም ዘመድ ባለበት ከተማ ሆቴል የገባ ሰው ካለ «ምን ተባብለው ተጣሉ?» ይባላል። የመጣውን ሰው እንጀራና ወጥ ይዘው ሄደው፣ እጁን ጎትተው ነው የሚያወጡት። ይህን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። አይ ሰው! ልቡ ወጥመዱ ላይ ሆነና ያደገበትን ረሳ።

ማምሻውን ጭማቂ ቤቱ ተቀምጦ የወይን አምባን በር ይጠብቃል። ስርጉት ከሰዎቿ ጋር ጥግ ላይ በቆመ ሚኒባስ ውስጥ ናት። ድምጿ በጆሮ ማዳመጫው ይሰማዋል።

«ገብተው ባዶ ክፍል ያገኛሉ። ያኔ ላኪያቸው ጋ ይደውላሉ። ከነስልካቸው እንይዛቸዋለን። እስከዚያ አትንቀሳቀስ።»

«ገባኝ።»

አንዲት ሴት መጣች። ብርቱካናማ ቶብ ተጠቅልላለች፣ በጨርቅ የታሰረ ድስት በሁለት እጇ ይዛለች። የሆቴሉን ስም አንብባ ዘበኛውን አንድ ነገር ጠየቀችው። ዘበኛው በአገጩ ወደ ውስጥ አመለከታት። ሳቀችለትና ገባች። የአገሬ ሰው ትመስላለች አለ ወሰን በልቡ፤ ደስም አለው። ሞኝ!

ብዙ ሳይቆይ ሁለት ወንዶች ከታክሲ ወረዱ። አንዱን ያውቀዋል።

የአሻግሬ ሹፌር ነው።

ጥርጣሬ ሌላ፣ በዓይን ማየት ሌላ። ወሰን እንባው መጣ። እዚያው ብርጭቆው ላይ አቀረቀረ።

«አየኋቸው» አለች ስርጉት። «ገቡ። አሁን ዝም ብለህ ጠብቅ።»

ጠበቀ። ያቺ ሴት ግን አልወጣችም። ስልኩን አውጥቶ ሆቴሉ ጋ ደወለ።

«የአቶ ሙንታሲር ክፍል ሰው አለበት?»

«እሳቸው ገና አልገቡም» አለች እንግዳ ተቀባይዋ። «እህታቸው ናቸው ያሉት። ምግብ ይዘው መጡ፤ እስኪመጡ ይጠብቁ ብዬ ከፈትኩላቸው።»

ኸድራ።

«ስርጉት፣ ክፍሉ ባዶ አይደለም። እህቱ አለች።»

ስርጉትም፣ «ከገባህ ይነቁብናል። አሻግሬ ያመልጣል። ትንሽ ታገሥ። ሴትን ምን ያደርጓታል? ጠይቀዋት ይወጣሉ።»

በኋላ ሲጠየቅ «ወዲያው ሮጥኩ» ብሏል። አልሮጠም። የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ቆሞ ነበር። የጭማቂ ቤቷ አስተናጋጅ «ልጨምርልህ?» አለችው። «አይ፣ ይበቃል» ብሎ መለሰላት። ይህን ሁሉ ለማለት ጊዜ ነበረው።

ከዚያ ሮጠ።

መኪና ጥሩምባውን ነፋበት። ደረጃውን ሦስት ሦስቱን ዘለለ። ሁለቱ ሰዎች ሲወርዱ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ተገናኙ። ሹፌሩ ጉልበቱን ሆዱ ላይ አሳረፈበት፤ ወሰን አንገቱን ይዞ ከግድግዳው ጋር አላተመው። የስርጉት ሰዎች ከታች ደረሱ። ሁለተኛውን መሬት ላይ ደፉት። ሹፌሩ እጅ ላይ ያለው ስልክ እንደተከፈተ ነበር።

«አለቀ?» ይላል በውስጡ የአሻግሬ ድምፅ። «አንተ! አለቀ ወይ?»

ወሰን ስልኩን ከእጁ ወሰደ።

«አለቀ፣ ጋሼ» አለው።

ኸድራ በሩ ሥር ወድቃ ነበር። ጎንበስ ብሎ ትንፋሿን ሰማ፤ በጣም ሩቅ ነው። በክንዱ ተሸክሟት ደረጃውን ወረደ። ሆስፒታል በር ሳይደርሱ እጁ ላይ ሞተች። ሹፌሩ ሲመረመር የተናገረው ነገር ግን ወሰንን ከዚያም በላይ ገደለው። «አንኳኳን። ወንድሟ መስሏት ነው መሰለኝ፣ እየሳቀች ነው የከፈተችልን። የት አለ ስንላት ጮኸች።»

አሻግሬ ያንኑ ማታ ከቤቱ ተያዘ። አልተከራከረም። መሥሪያ ቤቱ ለወሰን «እንኳን ደስ አለህ» የሚል ሰው ላከበት። ወሰን የመጣውን ሰው ደጅ አስቆሞ በሩን ዘጋበት።

ለሙንታሲር የነገረው ራሱ ነው። ሌላ ሰው ይንገረው ቢሉትም እምቢ አለ። ሙንታሲር ሰምቶ ሲጨርስ «ኢንና ሊላሂ» ብሎ እጁን ፊቱ ላይ አደረገ።

«ለሳና ያንን ስም ያልከው አንተ ነህ። ሳና ለኸድራ ነገረች።»

«እኔ ነኝ።»

«አንተ የኛ አገር ልጅ ነህ። እህት እንደሚመጣ አታውቅም?»

ወሰን ሊዋሽ ይችል ነበር፤ እንጀራው ነው።

«አውቅ ነበር» አለ።

ሙንታሲር ራሱን ነቀነቀ። «እናገራለሁ። ለሀይደር እናገራለሁ። ለኸድራ እናገራለሁ። አንተ ግን ከዚህ ክፍል ውጣ። ኸላስ፣ በቃ።»

መሰከረም። ሲመሰክር ድምፁ አልተንቀጠቀጠም አሉ። መረቡ ተበጠሰ፤ ኩርሙክ ያሉትም አዲስ አበባ ያሉትም ተለቀሙ። አሶሳ ላይ ወሰን የሚባል ወርቅ ገዢ ጠፋ። ዕዳ ሸሽቶ ነው ያሉ አሉ፤ ወደ ሱዳን ተሻገረ ያሉም አሉ። ሳና ደጅ ለቅሶ ሲቀመጥ ከተማው ሁሉ ሄደ። እሱ መሄድ አይችልም። ወሰን የሚባል ሰው የለማ! የሌለ ሰው ደግሞ ለቅሶ አይደርስም።

ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሆቴል። እንግዳ ተቀባዩ ስም ጠየቀው፤ የመጣለትን ሰጠው። ቁልፉን ተቀብሎ ሳይገባ ስልኩ ጮኸ። እናቱ ናት፣ ወይዘሮ የዝናሽ፣ ከቡለን። ልጇ ኢንሹራንስ የሚሸጥ ነው የሚመስላት።

«ታረቀኝ፣ ልጄ! ያቺን የአሶሳ ልጅ ሰማህ? ለወንድሟ ምግብ ይዛ ሄዳ! ገበያው ሁሉ ያንን ነው የሚያወራው።»

«ሰማሁ፣ እማ።»

«ወንድሟ እዚያ አልነበረም አሉ። ታዲያ እዚያ ነው ብሎ የዋሻት ማን ነው? እሱ እናት የለውም? የእሷ እናት እንዳለቀሰች የእሱም እናት ታልቅስ! አንጀቷ ይቆረጥ! አሜን በል፣ ልጄ።»

ከደረጃው ሥር ቆመ።

«ታረቀኝ? ጠፋህ? አሜን በል እንጂ!»

«አሜን» አላት።