ሾፌር አልባው ታክሲ የቆመላት ሴት

መብራቱ እስኪመጣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በሩ ተዘግቷል? ዝጉት።

ወሩ ነሐሴ ነው። ገና ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አልሞላም፤ ዝናቡ ግን ከተማውን አጨልሞታል። መንገዱ ከአዲሶቹ ፎቆች ወደ ወንዙ የሚወርደው ነው። ፎቆቹ ሰው አልገባባቸውም። ሰው የለም፤ ውሻ እንኳን የለም። በዚያ መንገድ አንድ ታክሲ ይወርዳል። መሪው ብቻውን ይዞራል። ሾፌር የለውም።

ያን ጊዜ እነዚህ ሾፌር የሌላቸው ታክሲዎች ከተማ ከገቡ ገና ወራቸው ነው። በስልክ ከጠራሃቸው ይመጣሉ። በስልክ ካልጠራሃቸው አይቆሙም። እጅህን ብትዘረጋ አይቆሙም። ብትጮህ አይቆሙም። ጠምዘዝ ብለው ያልፉሃል።

ከኋላ የተቀመጠው ሲራክ ይባላል። ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ከእህቱ ከዘርፌ ጋር ይኖራል። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ያዙልኝ፤ ክፉ ሰው አልነበረም።

ድልድዩ ጋ ሲደርስ አንዲት ሴት አየ። ሕፃን ታቅፋለች። መንገዱ መሀል ገብታ እጇን ዘረጋች። ታክሲው ምን አደረገ? ቀስ አለ፣ ጠምዘዝ አለ፣ አለፋት። ሲያልፋት መስኮቱን መታችው።

"ወንድሜ! ልጄ ትንፋሽ አጠረው! ሆስፒታል ብቻ አድርሰኝ!"

ከሲራክ ፊት ቀይ ቁልፍ አለ። ተሳፋሪ ሲጫነው መኪናው ይቆማል። ሲራክ ጣቱን ዘረጋ። ከዚያ ምን ብሎ አሰበ መሰላችሁ? "ሌላ ይመጣል" አለ በልቡ። ጣቱን መለሰ።

ሌላ መጣ? መጣ። ጠምዘዝ ብሎ አለፋት። ሌላም መጣ። እሱም ጠምዘዝ ብሎ አለፋት።

ጠዋት ከድልድዩ ሥር ሞታ አገኟት። ወድቃ ይሁን ራሷን ጥላ ያወቀ የለም። ልጁን ግን ወንዙ ወስዶታል፤ ፈልገው ፈልገው አጡት።

ሲራክ ወሬውን ሲሰማ እህል አልወርድልህ አለው።

"አንተ ምን ታደርግ? መኪናው ያንተ አይደለም" አለችው ዘርፌ።

"ቁልፉ እኮ እጄ ሥር ነበር" አላት።

ከዚያ ወዲያ በዚያ መንገድ አልሄድም ብሎ ማለ። ግን አንድ ዝናባማ ምሽት ታክሲ ጠራ፤ ታክሲውም ወደ ወንዙ ታጠፈ። በሌላ በኩል ሂድ ይበል? ለማን ይበል?

ድልድዩ ጋ ሲደርስ ታክሲው ቆመ። ውጭ ማንም የለም። በሩ ተከፈተ። ዝናቡ ገባ። በሩ ተዘጋ።

"እንኳን ደህና መጡ" አለ የመኪናው ድምፅ። "እባክዎ ቀበቶ ይሰሩ።"

ሲራክ ቀበቶውን ነካ። ታስሯል።

"እባክዎ ቀበቶ ይሰሩ" አለ ደግሞ።

አጠገቡ ያለውን ወንበር አየ። ወንበሩ ረጥቧል። ውሃው ተንጠባጠበ፤ ወደ እግሩ ወረደ። ከዚያ ሰው እንደተቀመጠበት ወንበሩ ጎደጎደ። ከዚያ ትንፋሽ ሰማ። የትልቅ ሰው አይደለም። አጭር፣ አጭር፣ የሕፃን ትንፋሽ።

ቀዩን ቁልፍ ተጫነ። መኪናው አልቆመም። ደግሞ ተጫነ። በቡጢ ደበደበው። መኪናው መሄዱን ቀጠለ።

ያን ጊዜ ጆሮው ሥር አንድ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ "ወንድሜ፣ እጄ ዛለ" አለው። "እስኪ ያዝልኝ።"

ሲነጋ ታክሲው ሆስፒታል በር ላይ ቆሞ ተገኘ። ዘበኛው ቢከፍተው ሲራክ ብቻውን ተቀምጧል። ክንዶቹን ደረቱ ላይ አጥፏል፤ ሕፃን እንደታቀፈ ሰው። ክንዱ ላይ ግን ምንም የለም። ሐኪሞች ሊዘረጉለት ታገሉ። ክንዱ አልተዘረጋም።

ዘርፌ እያለቀሰች መጣች። "ሲራኬ፣ የኔ ወንድም፣ እጅህን አውርድ። ምንም አልያዝክም እኮ።"

"ቀስ" አላት። "ገና አሁን ነው የተኛው።"

ምንም እንደሌለ ልታሳየው እጇን ሰደደች፤ በሁለቱ ክንዶቹ መሀል፣ ባዶው ቦታ ላይ።

ባዶ አልነበረም። ርጥብ ነበር። ቀዝቃዛ ነበር። እጇን ልትመልስ ስትል፣ ትንንሽ ጣቶች፣ አውራ ጣቷን ጭብጥ!

ማታ በታክሲ የምትመለሱ፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ።