ባለጀልባዋ የመጣች ቀን

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነስታ ሳህን የምታጥብ ሴት ነኝ። እንደኔ ሆም ኬር፣ ማለት አዛውንቶችን በየቤታቸው መንከባከብ፣ የሚሠሩ ጓደኞቼ ሲሰበሰቡ ጨዋታቸው እሱ ነው፣ አንዷ የሞቱት ሴትዮ ወንበር ብቻውን ሲወዛወዝ አየሁ ትላለች፣ ሌላዋ ባዶ ክፍል ውስጥ ሰው ሲያስል ሰማሁ ትላለች፣ እኔ ደግሞ «ደብል ሺፍት ሠርታችሁ እንቅልፍ አጥታችሁ ነው» እያልኩ እስቅባቸው ነበር። አሁን ሲያወሩ ዝም እላለሁ። የራሴን ግን አንድም ቀን ነግሬያቸው አላውቅም፣ ለእናንተ ነው የማወራችሁ፣ አመናችሁም አላመናችሁም ሳልጨምር ሳልቀንስ እንደሆነው ልንገራችሁ።

ጋሽ ክፍሎም የምንከባከባቸው አዛውንት ነበሩ። የምጽዋ ሰው ናቸው፣ የተማሩት በአማርኛ ስለሆነ አማርኛቸው ከእኔ ከደብረ ብርሃኗ ይሻላል፣ ሲቆጡና ሰው ሲወዱ ብቻ ትግርኛ ጣል ያደርጋሉ፣ እኔን «ጓለይ» ነበር የሚሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ዴንቨር ውስጥ ዘመናቸውን ሁሉ ታክሲ ሲነዱ ኖረው በኋላ ስኳሩ እግራቸውን ያዘውና ዎከር የሚባለውን ባለአራት እግር መደገፊያ ይዘው መሄድ ጀመሩ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከፒዮሪያ ስትሪት ትንሽ ገባ ብሎ ባለ አሮጌ አፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ሰናይት ትባላለች፣ ነርስ ናት፣ ሴንቴኒያል የምትባል ከተማ ነው ቤቷ፣ እሑድ እሑድ ትመጣለች። በሌላው ቀን እኔ ነኝ፣ ጠዋት መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ፣ እግራቸውን አጥባለሁ፣ ምሳ አብልቼ ከሰዓት በኋላ ወደ ዳውንታውን ወደ ማታ ሥራዬ እሄዳለሁ።

ለዚህ ሁሉ ምክንያት የሆኑትን የፊልም ዲስኮች እዚያ ቤት ያስገባኋቸው እኔው ነኝ። ልብስ ላጥብ ላውንደሪ ክፍል ስወርድ ማሽን ላይ አንድ ካርቶን ዲስክ ተቀምጦ አገኘሁ፣ የፈለገ ይውሰድ የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ከሕንጻው የለቀቀ ሰው ትቶት ሄዶ ይሆናል። ጋሽ ክፍሎም የድሮ ማጫወቻ ነበራቸው፣ ዜና ሰልችቷቸዋል፣ ምናልባት ጊዜ ያሳልፍላቸዋል ብዬ ይዤላቸው ወጣሁ።

የጃፓን ተከታታይ ድራማ ሆኖ ተገኘ። ድራማ ስለው ደግሞ፣ እመኑኝ፣ የሰፈር ልጆች ተሰብስበው ቢሠሩት ከዚያ ይሻል ነበር። አንዲት የገለባ ባርኔጣ ያደረገች ሴት በጀልባ ትዞራለች፣ ጀልባዋ ግን ከሥሯ ጎማ አላት፣ ጎማው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ባሕሩ ሰማያዊ ጨርቅ ነው፣ ከዳርና ከዳር ይዘው የሚያራግቡት ሰዎች እጃቸው ብቅ ይላል፣ ጨረቃዋ በክር የተንጠለጠለች ትሪ ናት፣ የባሕር ጭራቅ ሆኖ የሚጫወተው ሰውዬ አረንጓዴ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ በስኒከር ይሮጣል። ከሥር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እንኳን የለውም። እኔ አንዴ ስቀንበት እንጥለዋለን ብዬ ነበር፣ ጋሽ ክፍሎም ግን ወንበራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠግተው ይተረጉሙልኝ ጀመር።

«ይቺ ባለጀልባ ሥራዋ ምን መሰለሽ» አሉኝ፣ «ባሕር የበላቸውን ሰዎች ቃል ለቤተሰባቸው ታደርሳለች። መቃብር የሌላቸውን ሰዎች ቃል። በር ታንኳኳለች፣ ከከፈቱላት ትነግራቸዋለች፣ ካልከፈቱላት ትሄዳለች፣ ሁለተኛ አትመጣም።»

«ጃፓንኛ ደግሞ የት ተማሩ ጋሼ?»

«አልተማርኩም፣ ፊታቸውን እያየሁ ነው።»

ከራሳቸው እየፈጠሩ የሚያጫውቱኝ መስሎኝ ነበር፣ ደስ ስላለኝም ዝም አልኩ። ሽንኩርት እየከተፍኩ «ከዚያስ?» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ይቀጥላሉ፣ ባሏ የቤቱን ቁልፍ የት እንደደበቀው ባለጀልባዋ ስለነገረቻት አሮጊት፣ አባቱን ሊሰማ ስላልፈለገ ዓሣ አጥማጅ፣ እየተረኩ ያለቅሳሉ፣ እየተረኩ ይስቃሉ። ሥራዬ የሚናፍቀኝ በእሱ ምክንያት ነበር።

አንድ እሑድ ሰናይት ስትመጣ፣ እኔም ለጉዳይ ጎራ ብዬ ነበር፣ ይሄንን ታሪክ አነሳሁላት። ሳቀችና ስልኳን አውጥታ የአንዱን ዲስክ ሽፋን ፎቶ አነሳች፣ ጽሑፉን በስልኩ አስተረጎመች፣ ከዚያ ኢንተርኔት ላይ ስትፈልግ አንድ ሰው ስለ ድራማው የጻፈውን ገጽ አገኘች። አንድ የባሕር ዳር ከተማ ያለ ትንሽ ጣቢያ ለአካባቢው ሰው ብቻ የሠራው ነው፣ ሳያልቅ አቋርጠውት መጨረሻው ሳይሠራ ቀርቷል ይላል። ከዚያ ታሪኩን እያነበበች ስትሄድ ድምፅዋ እየቀነሰ መጣ። ባለጀልባዋ፣ የመልእክቱ ነገር፣ አሮጊቷና ቁልፉ፣ አባቱን ያልሰማው ዓሣ አጥማጅ፣ ሁሉም እሳቸው እንዳሉት ነው።

«ባባ» አለች ቀና ብላ፣ «ሲሪየስሊ፣ ይሄንን ማን ነገረህ?»

«ነገርኳችሁ እኮ፣ ፊታቸው ላይ አለ» ብለው ሻያቸውን ጠጡ።

ከዚያ ቀን ወዲህ፣ ምን ልበላችሁ፣ ፊልሙን እንደ ድሮው መሳቂያ አድርጌ ማየት አቃተኝ። ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ቴሌቪዥኑን ዘግቼ ኮቴን ስለብስ ቀስ ብሎ የሚንቀሳቀስ ውሃ ይሰማኛል፣ የላይኛው ጎረቤት ቧንቧ ነው እላለሁ። ባለጀልባዋ በየክፍሉ መጀመሪያ ላይ ስታልፍ ፊቷ ወደፊት ነበር፣ በኋላ በኋላ ግን ወደ ጋሽ ክፍሎም ወንበር ሰረቅ አድርጋ የምታይ ይመስለኝ ጀመር፣ እሱንም ዓይኔ ነው አልኩ።

አንድ ቀን እግራቸውን እያጠብኩ «ጋሼ፣ እርስዎ ባሕር የወሰደብዎት ሰው አለ እንዴ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

ነገሩኝ። ሰለሙን የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራቸው፣ በጦርነቱ ጊዜ ወደ የመን ሊሻገር ከምጽዋ ሳምቡክ በሚሉት የእንጨት ጀልባ ወጣ፣ እሳቸው ናቸው እስከ ውሃው ድረስ የሸኙት፣ ከዚያ በኋላ ደረሰ የሚል ሰው የለም፣ ሰጠመ የሚል ሰው የለም። «እናቴ ለቅሶ አልቀመጥም አለች» አሉኝ፣ «እስክትሞት ራቱን ስታስቀምጥለት ኖረች። እኔም አልተቀመጥኩም።» እኔም እግራቸውን ማድረቅ ቀጠልኩ።

አሁን ወደዚያ ቀን ልግባ። የመጋቢት በረዶ ነው፣ ኮሎራዶ የኖረ ሰው ያውቀዋል፣ ክረምቱ አለቀ ሲሉ የሚመጣው ከባዱ። ከጠዋት ጀምሮ እየጣለ ነበር፣ ከማታ ሥራዬ ደውለው አትምጪ ስላሉኝ እዚያው ቀረሁ። ምሳ በልተናል፣ ቀን ነው፣ ግን መስኮቱ በሙሉ ነጭ ሆኖ ፒዮሪያ ላይ መኪና የሚባል አይሰማም። ካርቶኑ ሥር አንድ ያላየነው ዲስክ ቀርቶ ነበር፣ ሽፋን የለውም፣ ሥዕል የለውም። አስገባሁትና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

የለመድነው ሙዚቃ የለም። ጨርቁም የለም፣ ባሕሩ እውነተኛ ባሕር ነው፣ ግራጫ፣ ሰፊ። ጀልባዋ ውሃው ላይ ናት፣ ሴትየዋ ጀርባዋን ሰጥታን ትቀዝፋለች። ብዙ ቀዘፈች። ጋሽ ክፍሎም አይተረጉሙም።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚሆነው?»

የወንበሩን እጀታ ጨብጠው ይዘዋል። ሴትየዋ ወረደች፣ ደረጃ ወጣች፣ ከዚያ ኮሪደር ውስጥ ገባች፣ ቡናማ ካርፔት የተነጠፈበት፣ በግራና በቀኝ በር ያለው። የእኛ ኮሪደር ነው አልላችሁም፣ የአፓርትመንት ኮሪደር ሁሉ አንድ ነው። አንዱ በር ላይ ቆመችና እጇን አነሳች።

ሲንኳኳ ድምፁ የመጣው ከቴሌቪዥኑ አልነበረም። ከኋላችን ነው።

«ጓለይ» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «እሷ ናት።»

በስመ አብ ብዬ ተነሳሁ። ጎረቤት ነው፣ ፖስተኛ ነው እያልኩ ወደ በሩ ሄድኩ፣ «ማነው?» አልኩ፣ በበሩ ማያ ቀዳዳ ባይ ጨለማ ነው፣ ኮሪደሩ ግን መብራቱ ጠፍቶ አያውቅም። እንደገና ተንኳኳ፣ ቀስ ብሎ፣ ጨዋ ሰው እንደሚያንኳኳው። ዞር ስል ቴሌቪዥኑ ላይ ሴትየዋ እጇን ከበሩ ላይ ስታወርድ አየሁ። ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም፣ ግን እጄን እጀታው ላይ አደረግኩ፣ ልከፍት ነበር፣ ጠመዘዝኩት።

«አትክፈቺ!»

እንዲህ ያለ ድምፅ ከሳቸው ሰምቼ አላውቅም። ያለ ዎከር ቆመዋል።

«አትክፈቺ በእመቤቴ! ካልነገረችኝ አልሞተም! አትክፈቺ ጓለይ!»

እጄን አነሳሁ። ምን ላድርግ፣ አባት የሚያህሉ ሰው ናቸው፣ ቤቱ ቤታቸው ነው፣ ወንድሙ ወንድማቸው ነው። እንደዚያ ቆመን ጠበቅን። ቴሌቪዥኑ ላይ ሴትየዋ ትንሽ ቆየች፣ ባርኔጣዋን አስተካከለች፣ ዞራ ሄደች፣ ከዚያ ምስሉ ጠፍቶ ሰማያዊ ሆነ።

«ሄደች?» አሉኝ።

«አላውቅም ጋሼ።»

ፊታቸው ሲለወጥ እያየሁ ነው፣ አንድ ነገር ከእጁ ወድቆ እንደተሰበረበት ልጅ። «ክፈቺ» አሉኝ፣ «ምን ትጠብቂያለሽ፣ ክፈቺ! ጥሪያት!»

ከፈትኩ። ማንም የለም። ካርፔቱ ግን ከእኛ በር ጀምሮ እስከ ደረጃው ድረስ ርሷል፣ ጫማ ስላላደረግኩ ካልሲዬ በሰበሰ። ሮጬ እስከ ታች ወረድኩ፣ የውጭውን በር ስከፍት ከበረዶው ብዛት ፊት ለፊት ፓርክ ያደረግኳት መኪናዬ እንኳን አትታይም። ስመለስ ጋሽ ክፍሎም ካልሲዬን አውልቄ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ፣ እምቢ ማለት አልቻልኩም። አሸተቱት፣ በምላሳቸው ነኩት፣ ከዚያ ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። «ባሕር ነው» አሉ፣ «የኛ ባሕር ነው።»

እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም፣ ሽታውን አላውቅም። በማግስቱ የሕንጻው ሜንቴናንስ፣ ጥገና የሚሠራው ሰውዬ፣ ካርፔቱን ሲያደርቅ ጠየቅኩት፣ «ለበረዶ ማቅለጫ የምንበትነው ጨው ነው፣ ሰው በጫማው ያስገባዋል» አለኝ። ሊሆን ይችላል። በዚያ ጨው ላይ ለብዙ ክረምት ስመላለስ ኖሬያለሁ፣ እንደዚያ ሸቶኝ አያውቅም፣ ግን ሊሆን ይችላል። ዲስኩን መልሰን መላልሰን ሞከርን፣ ሰማያዊ ብቻ። ሰናይትም ወደ ቤቷ ወስዳ ባዶ ነው ብላ መለሰችው፣ ለእሷ ግን የሆነውን አልነገርናትም፣ ጋሼ እንዳትነግሪያት አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ቴሌቪዥን አልከፈቱም። ወንበራቸውን ወደ በሩ አዞርኩላቸው፣ በሩ ገርበብ ብሎ እንዲውል ፈለጉ፣ ጎረቤቶች አለፍ ሲሉ ሰላም ይሏቸዋል፣ እሳቸው አይሰሙም። ትረካው ቀረ። አንድ ቀን ምሳ እያጎረስኳቸው እጄን ያዙና «ጓለይ፣ ምነው ባልሰማሽኝ ኖሮ» አሉኝ። ቁጣ አልነበረም፣ ቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

በግንቦት ሰናይት ወደ ሴንቴኒያል ወሰደቻቸው፣ አፓርትመንቱን ስትለቅ ካርቶኑንም ከልብሶቹ ጋር ለሚፈልግ ሰጠችው። ልጠይቃቸው ስሄድ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነበር፣ በዚያ ቤት አሁን ማን ገባ፣ ሲንኳኳ የሚከፍት ሰው ነው ወይ? ይከፍታሉ ጋሼ እላለሁ። የበረዶው ክረምት ሳይገባ አረፉ። እኔ ከዚያ ወዲህ ቤቴ ሲንኳኳ ማነው ብዬ አልጠይቅም፣ ተነስቼ እከፍታለሁ፣ ልጆቼ ይቆጡኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ ስከፍት ማንም የለም፣ ያን ጊዜ ወደ ካርፔቱ ላለማየት እጥራለሁ።

አርባቸው ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሰናይት አጠገቤ ቆማ ነበር። የአጎቷን የሰለሙንን ነገር እኔ ነግሬያት፣ የክርስትና ስሙን ከአንድ ዘመድ ጠይቃ አምጥታለች፣ ከአባቷ ጋር አብሮ እንዲጠራላት ፈልጋለች። ቄሱ ሁለቱን ስሞች ሰሙና «ሁለተኛውን ከሙታን ልጥራው ወይስ ከሕያዋን?» ብለው ጠየቁ።

ሰናይት ወደ እኔ ዞረች። «ትዕግስት፣ ባባ ቢኖር ምን ይል ነበር?»

ዓይኔ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሄደ። ቄሱ ጥቂት ጠበቁን፣ ከዚያ የጋሽ ክፍሎምን ስም ብቻ ጠርተው ጸሎቱን ቀጠሉ።